ስመጸውት ሒሳብ ብጠይቅ የእምነት ጉድለት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። አሥራቴን ለአጥቢያዬ ካወጣሁ በኋላ በየወሩ 900 ብር ለምጽዋት እመድባለሁ። የአብነት ተማሪዎችን የሚረዳ ማኅበር፣ አረጋውያን የሚጦር ድርጅት፣ በስልክ የሚዞር የሕመምተኛ ጥሪም አለ። ለየትኛው ልስጥ? ሒሳባቸውን ብጠይቅስ «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የተባለውን አላፈርስም?

መልስ፦ አያፈርሱም። ያ ቃል (ማቴ. 6፥3) ለታይታ የሚመጸውተውን ሰው የሚገሥጽ ነው፤ ተቀባዩን ከሒሳብ ነጻ አያወጣም። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት ነበር። ምክንያቱንም «ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን» ሲል ጽፏል (2ኛ ቆሮ. 8፥19-21)። «እግዚአብሔር ያውቃል» እያለ ደረሰኝ የሚከለክል ሰብሳቢ ከሐዋርያው አይበልጥም።

ድርጅቱን የምዝገባ ምስክር ወረቀትና የዓመቱን የኦዲት ሪፖርት ይጠይቁት። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪው ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። አረጋውያኑን የምታጥብና የምታጎርስ ሠራተኛ ደመወዝ ግን የሥራው ወጪ ስለሆነ «ገንዘቡን ለደመወዝ ጨረሱት» ብለው አይፍረዱ።

ለማኅበሩ የሰበካ ጉባኤ ወይም የሀገረ ስብከት ደብዳቤ፣ በማኅበሩ ስም የተከፈተና በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ያስፈልጋል። ከወረቀቱ ይልቅ ግን የአብነት መምህሩ የኔታ ዘንድ ደውለው «ባለፈው ክረምት ስንት ኩንታል እህል ደረሳችሁ?» ማለት ብዙ ይገልጣል። ለበዓል ልብስ የሚያመጣ አይጠፋም፤ ችግሩ ነሐሴ ላይ ነው። የገበሬው ጎተራ ሲራቆት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ምግብ ሊለምን የወጣው ተማሪ አኩፋዳውን (የለመነውን የሚይዝበትን) ባዶ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ በቆሎው አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ጥር ገደማ፣ ዋጋው ረከስ ሲል ተገዝቶ ለክረምት ቢቀመጥ ይሻላል። በደንብ ካልደረቀና አየር በማያስገባ ከረጢት ካልታሰረ ግን ሰኔ ሳይደርስ ነቀዝ ይጨርሰዋል። ይህንን የሚያውቅ ማኅበር ካገኙ አይልቀቁት።

በስልክ የሚዞረውን ጥሪ በጥንቃቄ ይዩት። የእውነተኛ ሕመምተኛ ፎቶ ወስደው የባንክ ቁጥሩን ብቻ የሚቀይሩ አሉ። የትኛው ሆስፒታል እንደተኛ ይጠይቁ፤ ከተቻለም ክፍያውን በቀጥታ ለሆስፒታሉ ያድርጉ። «ዛሬ ካልላካችሁ» የሚል ጥድፊያ ከበዛበት ይቆዩ።

ሦስት ቦታ 300፣ 300 አድርጎ መበተኑን አልመክርም፤ ሁሉም ጋ ጠብታ ይሆናል፤ ሦስቱንም መከታተል አይችሉም። 700ውን ለአንዱ ዓመቱን ሙሉ ያጽኑ፤ 200ውን ለድንገተኛ ያቆዩ። በግቢዎ ጧሪ ያጣች ባልቴት ወይም የተቸገረ ዘመድ ካለ ግን ቅድሚያው የእነርሱ ነው (1ኛ ጢሞ. 5፥8)፤ ለዚያ ደረሰኝም አያሻ።