ኢፊሸንሲዬ ዝቅ አለ፣ መምህርነቱን ልተወው? ላለችኝ የጅማ መምህርት

እህቴ እንዴት ነሽ፣ መልእክትሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ጅማ ውስጥ 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ ታስተምሪያለሽ፣ ሁለተኛ ዓመትሽ ነው፣ የዚህ መንፈቅ ኢፊሸንሲሽ (የስራ አፈጻጸም ምዘና ነጥብሽ) ካምናው ዝቅ ብሎ መጣ፣ ነጥቡን የሞሉትን ለምን ስትያቸው "ሁሉም እንደዛው ነው" አሉሽና ፈረምሽ፣ አሁን የደረጃ እድገቴን ያበላሽብኛል ብለሽ ፈርተሽ ኤንጂኦ ልፈልግ ወይ ትያለሽ።

መናደድሽ ልክ ነው። ምክንያቱ ያልተነገረ ነጥብ ማንንም አይጠቅምም፣ አንቺ ምን ማሻሻል እንዳለብሽ አታውቂም፣ ትምህርት ቤቱም ካንቺ ምን እንደሚፈልግ ሳይነግርሽ ዓመቱ ያልቃል። ግን የመልቀቁን ነገር ለጊዜው አቆይውና አንድ ዶክመንት ፈልገሽ አንብቢ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በፈረንጆቹ 2012 ያወጣው የመምህራን ብሄራዊ የሙያ ስታንዳርድ። ሰባት ስታንዳርዶች ናቸው። ተማሪዎችሽንና እንዴት እንደሚማሩ ማወቅ፣ ትምህርቱንና እንዴት እንደሚያስተምሩት ማወቅ፣ አቅዶ ማስተማር፣ ደህና የመማሪያ ሁኔታ መፍጠር፣ መመዘንና ግብረመልስ መስጠት፣ ራስን በሙያ ማሳደግ፣ ከባልደረባ ከወላጅና ከማህበረሰቡ ጋር መስራት። በቃ ይሄው ነው፣ ጥሩ መምህር ማለት ምን እንደሆነ አገሪቱ የተስማማችበት ወረቀት ይሄ ነው።

ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ብዙ ቦታ የሚሞላው ፎርም ከዚህ ጋር አይገናኝም። ሰዓት ማክበር፣ እቅድ በወቅቱ ማስገባት፣ ማርክ ሊስት ማስረከብ፣ ኮሚቴ ላይ መሳተፍ፣ እነዚህ የሚያስፈልጉ ነገሮች ናቸው፣ ቢሮ ቁጭ ተብሎ ስለሚቆጠሩም ነጥቡን ይወስዱታል። ልጆቹ ገባቸው ወይ የሚለውን ግን ክፍል ገብቶ ያላየ ሰው ሊሞላው አይችልም፣ ሲሞላው ደግሞ በግምት ነው፣ በግምት የተሞላ ነገር ላይ ደግሞ የሰው ደረጃና ደሞዝ ይወሰናል። እኔ ይሄን ከልቤ እቃወማለሁ።

ስለዚህ የፎርምሽን ኮፒ ጠይቂና በእያንዳንዱ መስፈርት ጎን ከሰባቱ የትኛውን እንደሚነካ በእርሳስ ጻፊ። ምናልባት ሶስተኛው ስታንዳርድ አምስት ቦታ ይመጣልሻል፣ የመጀመሪያው ደግሞ አንድም ቦታ ላይመጣ ይችላል። ያንን ወረቀት ይዘሽ ከዲፓርትመንት ኃላፊሽ ጋር ግቢ። ለክስ አይደለም፣ "ጋሼ፣ በሚቀጥለው መንፈቅ እዚህ ላይ ምን ቢያዩ ነው ሙሉ ነጥብ የሚሰጡኝ?" ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሱን እዛው ፊታቸው ጻፊው። መንፈቁ ሲጀመር የተነጋገራችሁበት ነገር መጨረሻ ላይ ዝም ብሎ ሊቀየር አይችልም።

አሁን ዋናው ማስረጃው ነው፣ እዚህ ላይ አንቺ ያለሽበት ቦታ ራሱ ብዙ ይሰጥሻል። ልጆችሽ እስከ 8ኛ ክፍል ሳይንስን በአፋን ኦሮሞ ተምረው 9ኛ ላይ በአንዴ እንግሊዝኛ ይገጥማቸዋል። ኦስሞሲስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ ጥያቄው ስላልገባው ዜሮ ያገኛል። ለየምእራፉ የዋና ዋና ቃላት ዝርዝር በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጅተሽ ከሰጠሽ፣ ከመስጠትሽ በፊትና በኋላ አንዳንድ አጭር ኩዊዝ ፈትነሽ ውጤቱን ካስቀመጥሽ፣ አንደኛውን ሁለተኛውንና አምስተኛውን ስታንዳርድ በአንድ ስራ ነካሽ ማለት ነው። ሌላው ቡና ለቀማ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ከማና እና ከቀርሳ ወረዳ በኩል የሚመጡት ልጆች እንደሚቀሩ ታውቂያለሽ። ማን ስንት ቀን እንደቀረ፣ ማካካሻ መቼ እንደሰጠሽ፣ የትኛውን ወላጅ እንዳነጋገርሽ ከነቀኑ መዝግቢ። "ተማሪዎቿን አትከታተልም" የሚል ሰው ቢመጣ መዝገቡ ይመልስለታል፣ ከዛም በላይ ልጆቹ ይጠቀማሉ፣ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ክላስ ኦብዘርቬሽን (ክፍል ገብቶ ስታስተምሪ ማየት) እንዲደረግልሽ ደግሞ ራስሽ ጠይቂ፣ አትፍሪ። አንዴ መንፈቁ መጀመሪያ ላይ፣ አንዴ ደግሞ ከምዘናው በፊት፣ ሁለቱም በጽሁፍ አስተያየት ይሰጥበት። መጀመሪያ የተባልሽውን ድክመት ሁለተኛው ላይ አሻሽለሽ መገኘትሽ ከየትኛውም ሰርተፊኬት የበለጠ ይናገራል። የሁለት ዓመቱን የአዲስ መምህራን የሙያ ትውውቅ እየጨረስሽ ስለሆነ ከሜንተርሽ (ከሚያግዝሽ ነባር መምህር) ጋር የሰራሽው፣ በዓመት 60 ሰዓት የሚጠበቅብሽ ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ)፣ አክሽን ሪሰርች (በራስሽ ክፍል ችግር ላይ የሰራሽው ጥናት) ካለሽ እሱም፣ ሁሉም አንድ ፖርትፎሊዮ ውስጥ በሰባቱ ስታንዳርድ ተከፍሎ ይግባ። በቀን ቅደም ተከተል አታድርጊው፣ የሚያየው ሰው ይጠፋበታል። ከጀማሪ ወደ መለስተኛ መምህር፣ ከዛም እየቀጠልሽ ከፍተኛና መሪ መምህር ስትሆኚ ይሄው ፋይል ነው የሚያድገው፣ ለሙያ ፈቃዱም ይጠቅምሻል።

ያለፈውን ነጥብ በተመለከተ፣ ፈርመሻል ማለት አልቋል ማለት አይደለም። የቅሬታ ቀነ ገደቡን ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ዛሬውኑ ጠይቂ፣ ካላለፈ በአንድ ገጽ፣ በትህትና፣ የትኛው መስፈርት ላይ ምን ማስረጃ እንዳለሽ ብቻ ጽፈሽ አስገቢ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ ይቀበልሽ። የሌላ መምህር ነጥብ እንዳታነሺ፣ ነገሩ ወደ ጸብ ይሄዳል።

ስለ ኤንጂኦው፣ ማመልከት መብትሽ ነው፣ ትምህርት ላይ የሚሰሩት ጋር ኢንተርቪው ስትገቢም የሚጠይቁሽ ይሄንኑ ነው፣ ምን ችግር አይተሽ ምን ሰርተሽ ምን ተለወጠ። አሁን ባዶ እጅሽን ብትሄጂ ስለ ተናደድሽበት ነጥብ ነው የምታወሪው። አንድ መንፈቅ በዚህ መልክ ስሪና ያኔ ወስኚ፣ መቆየቱንም መሄዱንም በራስሽ ምርጫ ታደርጊዋለሽ።

ፎርሙን ካገኘሽ ስምሽንና የትምህርት ቤቱን ስም ሸፍነሽ ፎቶውን ላኪልኝ፣ ከስታንዳርዶቹ ጋር አብረን እናያይዘዋለን።