አየር ሸጠው የሚያድሩት ለሰፈራችን ምን አደረጉ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። አትክልት እሸጣለሁ፤ የቴሌብር ወኪልም ነኝ። ወንድሜ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው። በቀደም ቡና ላይ «እኛ ዕቃ እናመርታለን። ቴሌና ቴሌቪዥን ግን አየር ነው የሚሸጡት። ለዚህ ሰፈር ምን ጠብ አለለት?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ምን ልበለው?
ባለ ሱቋ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እህቴ፣ የወንድምሽን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ኢኮኖሚክስ ሳስተምር እንዲህ አፍጥጦ የሚጠይቅ ተማሪ ብዙ አልገጠመኝም። ግን አየር መሸጥ ለአቃቂ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ንገሪው። የአገራችን ሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. የተመረቀው እዚያው አቃቂ ነው፤ ከብዙዎቹ ፋብሪካዎች በፊት።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ኩባንያዎቹ ይህን ያህል ቢሊዮን አስገቡ የሚለውን ዜና ለጊዜው ተይው። ያ ገንዘብ ከእኔና ካንቺ ኪስ የወጣ ነው። ከፊሉ በደመወዝና በግብር አገር ውስጥ ይቀራል። ከፊሉ ለመሣሪያ ግዢ ውጭ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ለኔትወርክ ማስፋፊያ ከሁለት የቻይና ኩባንያዎች ጋር የተፈረመው ውል ብቻ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ሰፈር ውስጥ የሚቀረውን ለማየት ሱቅሽ ይበቃል።

አትክልት ከኃይሌ ጋርመንት ነው የምታመጪው ብዬ ልገምት። ስልክ ባይኖር ዋጋ ለማወቅ ራስሽ መሄድ ነበረብሽ። አሁን ትደውያለሽ፤ «ቲማቲም ዛሬ ስንት ነው?» በቃ። ተወዶ ከሆነ የታክሲ አትከፍይም፣ ሱቁም ተዘግቶ አይውልም። ይህ የቀረልሽ መንገድ የማንም ሒሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅም እሱ ነው። ሮበርት ጄንሰን የሚባል ኢኮኖሚስት በሕንድ ኬረላ ዓሣ አጥማጆችን አጥንቶ ነበር። ገና ባሕር ላይ ሳሉ እየደወሉ ገበያ መምረጥ ሲጀምሩ ትርፋቸው በአማካይ 8 በመቶ ጨመረ። የሸማቹ ዋጋ ደግሞ 4 በመቶ ቀነሰ። ገዢ አጥቶ ይጣል የነበረው ዓሣም ቀረ። ቲማቲምም ቢሆን እስከ ነገ ወዲያ የሚጠብቅሽ አይደለም።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው የገቡት። ኮሚሽኑ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ብር ሊያወጣ የመጣ ሰው ዘይትና ሽንኩርት ሳይዝ ይመለሳል? ድሮ ሳሪስ ሄዶ ብሩን አውጥቶ፣ እዚያው ገዝቶ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ነበር የሚመጣው። አሁን ደጃፍሽ ላይ አውጥቶ ካንቺ ይገዛል። ለቱሉ ዲምቱ ጥሩ ነው። ሳሪስ ያለው ነጋዴ ግን ያንን ደንበኛ አጥቷል። ስለዚህ ይህን አዲስ ሀብት ብለሽ አትቁጠሪው፤ ገበያው ሰፈር ቀየረ እንጂ። የመንግሥት ሪፖርት ቢሆን የሳሪሱን ኪሳራ ሳይቀንስ ያጨበጭብ ነበር።

ቴሌቪዥን ላይ ወንድምሽ ትንሽ ያሸንፋል። ጣቢያዎቹ በብዛት የሚቀጥሩት መሀል ከተማ ነው። የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ጣቢያዎቹ ምን ያህል እንደተንገዳገዱ አይተናል። ደግሞ ጠጪን ካንዱ ቢራ ወደ ሌላው ማዞር ምን ሀብት ይጨምራል? እኛ ዳር ያለነው ዘንድ የደረሰው የዲሽ ሥራ ነው። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ ዲሽ ሠሪዎች ጣሪያ ላይ ነበር የሚውሉት። የእኔን ያዞረልኝ የሰፈር ልጅ በዚያ ሰሞን ባገኘው ገንዘብ የራሱን መሰላልና ድሪል ገዛ። ዛሬ የጥበቃ ካሜራ ይገጥማል፤ ሁለት ልጆችም አብረውት ይሠራሉ። ወንድምሽ ይህንንም «አየር» ካለው እንግዲህ!

አሁን ወንድምሽን የሚረታ ማስረጃ ከፈለግሽ ደብተር አውጪ። ለአንድ ወር ብር ሊያወጡ መጥተው በዚያው የገዙትን ለብቻ መዝግቢ። ኔትወርክ ጠፍቶ የመለስሻቸውንም ጻፊ፤ እነሱ ከጥቅሙ ይቀነሳሉ። ስትጨርሺ ላኪልኝና አብረን እንደምረዋለን።