ቋሚ ከሆነ እንዴት ይቀየራል?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። የወር ሪፖርት ላይ ግራፍ የማስገባው እኔ ነኝ። ሥልጠና ላይ ‹ቋሚ ዘንጉን ቀይሩ› ተባልን። ቋሚ ከሆነ እንዴት ይቀየራል? ደግሞ ከግራፉ ባሮች ጎን ያለችውን የቀለም ማብራሪያ በስልኬ ሳስተረጉማት ‹አፈ ታሪክ› አለኝ፤ እኔም እንዳለ ጻፍኩት። አለቃዬ ሳቁና ‹ሰንጠረዡን እንደገና ሥሪው› አሉኝ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

መልስ፦ ከአለቃሽ ልጀምር። በአፈ ታሪኩ መሳቃቸው አይፈረድባቸውም። ግራፉን «ሰንጠረዥ» ማለታቸው ግን እሳቸውንም ያስቅባቸዋል።

ሰንጠረዥ የጨዋታ ስም ነው። ዛሬ ቼዝ የምንለውን የድሮ ሰዎች ሰንጠረዥ ይሉት ነበር። ቃሉ ከፋርስ በዐረብ በኩል ዞሮ የመጣ ነው። የኛ አገር መጫወቻ ጥቁርና ነጭ ቤት አልነበረውም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነው፤ በላዩ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ በቁምና በአግድም እየተሰፋ ቤት ቤቱ ይለያል። ስምንት በስምንት። ኤክሴል ስትከፍቺ የሚመጣልሽ ባዶ ገጽ ከዚያ ጨርቅ በምን ይለያል? ስለዚህ ቁጥሩ በረድፍና በዓምድ የተደረደረበት ሰንጠረዥ ነው። ከቁጥሩ የተሳለው ሥዕል ግራፍ ነው። ቻርት ብትዪውም ማንም አይቆጣሽም።

ወደ «ቋሚ» ልምጣ። የጭቃ ቤት ሲሠራ አይተሽ ታውቂያለሽ። ተተክሎ የሚቆመው እንጨት ቋሚ፣ በአግድም የሚመታው ማገር ይባላል። በግራፉ ጎን ከታች ወደ ላይ የቆመው የቁጥር መስመር ቋሚ ዘንግ የተባለውም በዚህ ትርጉሙ ነው፤ ዘንግ ደግሞ ቀጥ ያለ ረጅም በትር ነው። ችግሩ ቢሮ ገብተን ቋሚን ሌላ ሥራ ሰጠነው። ቋሚ ሠራተኛ፣ ቋሚ ንብረት፣ ቋሚ አድራሻ። የማይለዋወጥ ማለት ሆነ። ቢሮ ለሚውል ሰው ጆሮ ደግሞ ቀድሞ የሚደርሰው ይሄኛው ነው። አንቺም የሰማሽው እሱን ነው፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

እኔ «ቁም ዘንግ» እላለሁ። ቁም ሣጥን እንደምንለው። የመማሪያ መጽሐፍ ላይ «ቋሚ ዘንግ» ብታገኚ ስሕተት አይደለም፤ «ቋሚ ዘንጉን ቀይሩ» ሲባል ግን ለሰሚው ግራ ነው። ተኝቶ የሚሄደው አግድም ዘንግ ነው፤ እሱ ጣጣ የለውም።

ከኋላ የሚታዩትን ቀጫጭን መስመሮች፣ ግሪድላይን የሚባሉትን፣ ማገር ብላቸው ደስ ይለኛል። የሚከተለኝ እንደሌለ ግን አውቃለሁ። «ማመሳከሪያ መስመር» በያቸው።

አሁን «ቀይሩ» ከሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። ሁለት ባር ሥሪ፤ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ። ከባሕር ወለል በላይ ያላቸውን ከፍታ ስጪያቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ቁም ዘንጉ ከ0 ሲነሳ የደሴ ባር የኮምቦልቻን አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርጂ ጃኬትሽን ብታወልቂም ልዩነቱ ይኸው ነው። ቀጥለሽ ዘንጉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጊና «ፎርማት አክሲስ» የሚለውን ምረጪ። «ሚኒመም» ከሚለው ፊት ያለውን 0 አጥፍተሽ 1,800 ሙዪ። ኮምቦልቻ 50 ሜትር ብቻ ተረፋት። ደሴ 700 ያዘች። 14 እጥፍ! ከሰንጠረዡ አንድ ቁጥር አልተነካም። እኛ ደሴዎች ይሄን ግራፍ ፍሬም አስገብተን ፒያሳ ላይ ብንሰቅለው አትፍረጂብን።

ለዚህ ነው «ዘንጉን ማስተካከል» ሲባል ጆሮዬ የሚቆመው። ማስተካከልና ትክክል አንድ ቤት ናቸው። መነሻውን 1,800 ማድረግ መቀየር ነው፤ ወደ 0 መመለስ ማስተካከል ነው። ሪፖርትሽ ላይ ሁለቱን አታደባልቂ። የመስመር ግራፍ ከሆነ ነገሩ ይላላል፤ እዚያ ዓይን የሚከተለው ዳገትና ቁልቁለቱን ነው። ባር ላይ ግን የሚነበበው ርዝመቱ ስለሆነ ከሥሩ መቆረጥ የለበትም።

አፈ ታሪኳ ቀረች። የቀለም ማብራሪያዋ የእንግሊዝኛ ስም «ሌጀንድ» ከላቲን የመጣ ነው፤ መነሻው «የሚነበብ» ማለት ነው። እንግሊዝኛው ለተረቱም ለካርታው ማብራሪያም ይኸንኑ ቃል ይጠቀማል። ስልክሽ ተረቱን መረጠልሽ። «ፕሎት ኤሪያ»ን፣ ማለትም በዘንጎቹ መሃል ባሮቹ የሚቆሙበትን ሜዳ ብትጠይቂው ደግሞ «ሴራ» ሊልሽ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ አለቃሽ የሚስቁ አይመስለኝም። ለሌጀንድ «የቀለም መፍቻ» በይ። እንቆቅልሽ ይፈታል፣ ብሎን በመፍቻ ይፈታል፤ ቀለሙም ምን ማለት እንደሆነ የሚፈታው በእሷ ነው። ግራፍሽ አንድ ቀለም ብቻ ካለው ግን የሚፈታ ነገር የለም። ክሊክ አድርጊና ዲሊት በያት። ከፈለግሻት መልሰሽ ታመጫታለሽ፦ ግራፉን ስትነኪው ቀኝ ጎኑ ላይ የመደመር ምልክት ይወጣል፤ ርዕሱም፣ የዘንግ ርዕሱም፣ መፍቻዋም እዚያ ናቸው፤ የምትፈልጊውን ራይት ማድረግ ነው።

ባሩ አናት ላይ ለሚቀመጠው ቁጥር ስም አልፈልግለትም። «ከባሩ በላይ ያለው ቁጥር» ብትዪ ሁሉም ይገባዋል።

ለግራፍሽ ከሥሩ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ግራፍ 1፤ የደሴና የኮምቦልቻ ከፍታ። ቁም ዘንጉ በሜትር ነው፤ መነሻው 0።» ሰንጠረዡን ከፈለጉ ለብቻው አያይዢላቸው።