ዝናብ የመታው ድንጋይ ጥንካሬው ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ለአጥር የገዛሁት ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ፣ ነጣ ያለና ቀላል ነው። ደረቅ ሳለ ጠንካራ ነበር። ዝናብ ከመታው በኋላ ግን ጠርዙ በትንሽ ምት ይፈረፈራል። ሻጩ «ሲደርቅ ይመለሳል» አለኝ። ልመነው? ለመሠረትስ ይሆናል?

መልስ፦ የነገረዎት ግማሹን ነው። ሲደርቅ ብዙው ጥንካሬ ይመለሳል፣ ግን አጥሩ በክረምትም መቆም አለበት።

ይህ ድንጋይ ቱፍ ይባላል። ከመጠኑ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ባዶ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፤ ቀዳዳዎቹ ደቃቅና የተያያዙ ስለሆኑ ውሃን ከመሬት ወደ ላይ ይስባሉ። አመዱ ውስጥ በጊዜ ብዛት የተፈጠረ የሸክላ አፈር ካለ ደግሞ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እንዲህ እያለ ድንጋዩን ከውስጥ ያላላዋል። ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ድንጋይ መሰበር የሚጀምረው ዓይን ከማያያቸው ስንጥቆች ጫፍ ነው፤ ውሃ እዚያ ሲደርስ ድንጋዩ የተሠራባቸውን ሲሊከንና ኦክስጅንን ያያያዘው ትስስር በቀላሉ ይበጠሳል፣ ስለዚህ ደረቁ የቻለውን ጫና እርጥቡ አይችለውም። ቀዳዳ የበዛበት ቱፍ ውሃ ሲጠግብ የመሸከም አቅሙን እስከ ግማሽ ሊያጣ ይችላል፣ ከዚያ በላይ የሚያጣም አለ። ድፍን ባዛልት (ጥቁሩ ከባድ ድንጋይ) ግን ውሃ የሚገባበት ክፍተት እምብዛም ስለሌለው ብዙም አይነካውም።

የማይመለሰው ጉዳት ስንጥቁ ነው። ጨውም አለ፦ ከአፈር የመጣው ውሃ ሲተን ጨዉ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል፣ እየጠጠረ ያድግና የድንጋዩን ፊት ገፍቶ ይጥለዋል። የድሮ ግንብ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚበላው በዚህ ነው።

ስለዚህ ለመሠረት በፍጹም አይጠቀሙት! ከታች ባዛልት ያድርጉ፣ በላዩ እርጥበት የማያሳልፍ ንጣፍ ያንጥፉ፣ ከዚያ ነው ቱፉ የሚመጣው። የአጥሩን አናት ይክደኑት። በሲሚንቶ አይለስኑት፣ የገባውን እርጥበት አፍኖ ያስቀረዋል፤ የኖራ ልስን ግን ያስተነፍሰዋል።

የቀረዎትን ድንጋይ እንዲህ ይፈትሹት። አንዱን በደንብ አድርቀው ይመዝኑ፣ አንድ ሙሉ ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ደግመው ይመዝኑ። ክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ እኔ እርጥብ ቦታ ላይ አላስቀምጠውም። ላብራቶሪ ከወሰዱትም ደረቁን ብቻ ሳይሆን ውሃ የጠገበውንም ሰብረው እንዲለኩልዎት ይጠይቁ፤ ግንበኛዎ ወይም መሐንዲስዎ መነሳት ያለበት ከእርጥቡ ቁጥር ነው።