«ካውታው» ሲያጋጥመን፦ ሰገደ፣ እጅ ነሳ ወይስ አጎበደደ?

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ዜና እተረጉማለሁ። በቅርቡ አንድ ኩባንያ «ለቤጂንግ ካውታው አላደርግም» እንዳለ የሚያወራ ዜና ደረሰኝ። መዝገበ ቃላቴ «መስገድ» ስለሚለው «አልሰግድም አለ» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ «እጅ አልነሳም አለ» በሚል አረመው። ቃሉ ከቻይንኛ የመጣ ነው ይባላል። የማናችን ይሻላል?

መልስ፦ ለዚህ ዜና ሁለቱም አይሆኑም። «አላጎበድድም አለ» ብትሉት ነገሩ ያልቅ ነበር። መዝገበ ቃላቱም ቢሆን ከመሬት ተነሥቶ አልተሳሳተም፤ የሰጣችሁ የቃሉን የጥንት ፍቺ ነው።

በቻይንኛ «ኮው» መምታት ወይም ማንኳኳት ሲሆን «ቶው» ራስ ነው፤ ኮውቶው (እንግሊዞቹ «ካውታው» ያሉት) ራስን ከመሬት ማስነካት ነው። በዛሬው የዘወትር ንግግር «ከቶው» የሚለው አጠራር ይበዛል። የእኛው «ከቶውንም» ትዝ ያለው ሰው ካለ አልፈርድበትም፤ እንግሊዛዊው መልእክተኛም በጊዜው የመለሰው ይህንኑ የሚያህል ነበር።

መልእክተኛው ሎርድ ማካርትኒ ነው። በ1793 (እ.ኤ.አ.) ንግድ እንዲከፈት ለመጠየቅ ወደ ቻይናው ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ ተላከ። ያኔ ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ ሥርወ መንግሥት የቤተ መንግሥት ሥርዓት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የሚቀርብ ሰው ሦስት ጊዜ እንዲንበረከክ፣ በተንበረከከ ቁጥርም ሦስት ሦስት ጊዜ ግንባሩን መሬት እንዲያስነካ ያዝዛል። ማካርትኒ በማዕረግ የሚመጥነኝ ቻይናዊ ሹም በንጉሤ በጆርጅ ሣልሳዊ ሥዕል ፊት እንዲሁ ያድርግ፣ ያኔ እኔም አደርጋለሁ አለ። ይህ ሳይሆን ቀረና ለገዛ ንጉሡ እንደሚያደርገው በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ አለፈ። በ1816 የተላከው ሎርድ አምኸርስት ግን በዚሁ ጉዳይ የዘመኑን ንጉሠ ነገሥት ሳያይ ተመለሰ። የውጭ አገር መልእክተኞች ያለ ኮውቶው መቅረብ ደንብ የሆነላቸው በ1873 ነው።

እዚህ ላይ አማርኛችን የሚያግዘን ነገር አለው። የማካርትኒን ዕቃ በጫኑት ጀልባዎች ላይ ቻይናዎቹ የሰቀሉት ሰንደቅ «ከእንግሊዝ አገር ግብር ይዞ የመጣ መልእክተኛ» የሚል ነበር። እንግሊዞቹ ገጸ በረከት አመጣን ይላሉ፤ ቻይናዎቹ የተቀበሉት እንደ እጅ መንሻ ነው። የጭቅጭቁን ሥር አንድ አማርኛ አንባቢ ከነዚህ ሁለት ቃላት ብቻ ይረዳዋል።

እንግዲህ ስለ ቤተ መንግሥቱ ሥርዓት የምትጽፉ ከሆነ «በግንባሩ ተደፍቶ ሰገደ» በሉ። «ሰገደ» ብቻውን አይበቃም፤ ከአንገት ዝቅ ማለትም ስግደት ይባላልና። በቤተ ክርስቲያን አድንኖ (ከአንገት ዝቅ ማለት)፣ አስተብርኮ (መንበርከክ) እና ሰጊድ (ግንባርን መሬት ማስነካት) ተለያይተው ይታወቃሉ፤ ኮውቶው የሚቀርበው ለመጨረሻው ነው። ሙስሊሙ አንባቢም ሱጁድ ሲባል ግንባር መሬት መንካቱን ወዲያው ያየዋል። «ተደፋ» ደግሞ ከጥንት ያለን ቃል ነው፤ በመጽሐፈ አስቴር ሁሉ ለሐማ ተደፍቶ ሲሰግድ መርዶክዮስ ብቻ እምቢ ማለቱን አስታውሱ።

በዜናችሁ «ሰገደ» ያልወደድኩት ከአምልኮ ስለማይላቀቅ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ዘወትር የሚሰግድበት ቃል ነው፤ «አልሰግድም» ያለ ኩባንያ የሃይማኖት ክርክር የገጠመ ይመስላል። በምሳሌያዊ ንግግር «ለገንዘብ ይሰግዳል» እንላለን፣ ያ ግን ገንዘብን አምላኩ አድርጎታል ለማለት ነው፤ ፍቺው ሌላ ነው።

የአርታኢህ እርማት ደግሞ ይባስ ያርቀዋል። እጅ መንሳት ነሺውን አያዋርድም። በጃንሆይ ዘመን ሹሙም እንግዳውም ለንጉሠ ነገሥቱ እጅ ይነሣ ነበር፤ ይህ ወግ ማወቅ ነው። እጅ የማይነሣ ሰው ጀግና ሳይሆን ባለጌ ይባላል። (የሚገርመው፣ ቃል በቃል ሲታዩ የሚቃረኑት «እጅ ነሳ»ና «እጅ ሰጠ» ናቸው፤ የተዋረደው ግን እጁን የሰጠው ነው።)

ዛሬ በእንግሊዝኛ ዜና የሚገኘው «ካውታው» ስድብ ነው። ጉልበትም ግንባርም የለበትም። አማርኛ ለዚህ ስድብ ቃል አልቸገረውም፤ ችግሩ ከመካከላቸው መምረጥ ነው። ያጎበደደ ጥቅም ፈልጎ ራሱን ዝቅ ያደረገ ነው። ያሸረገደ ያንኑ ነገር ሰው እያየለት፣ ሽር ጉድ እያለ የሚያደርግ ነው፤ በአሸርጋጅ ውስጥ ትርኢት አለ። የተሽቆጠቆጠ የፈራ ነው፤ እሱ ላይ ከመፍረድ ይልቅ ማዘን ይቀናናል። የተንበረከከ ደግሞ ተገድዶ፣ ምናልባትም ታግሎ የተሸነፈ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው አስቀድሞ ሰውየው ዝቅ ያለው በጥቅም ነው በፍርሃት ወይስ በግዳጅ ብሎ ይጠይቅ። ዜናው ኩባንያው የቻይናን ገበያ እንዳያጣ ምን ያህል ይለማመጣል የሚል ከሆነ አጎበደደ ነው ቦታው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኮውቶው በቻይና ዛሬም ያለ ልማድ ነው። በቀብር፣ በአያት ቅድመ አያት መታሰቢያ፣ በአንዳንድ አካባቢ በአዲስ ዓመት ልጆች ለአያቶቻቸው ያደርጉታል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ለአያቱ አጎበደደ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ልጁንም አያቱንም ሰድቧል። ሙሽሮች የወላጆቻቸውን ጉልበት ሲስሙ ማን አጎበደዱ ይላል? «በግንባሩ ተደፍቶ ለአያቱ እጅ ነሳ» በሉት። የአርታኢህ ቃል እዚህ ሲገባ ልክ ነው።

ቃሉን በግዕዝ ፊደል እንዳለ መጻፍስ? በታሪክ ጽሑፍ «ኮውቶው» ብሎ አንዴ ማብራራት ይቻላል፤ «ካውታው» የእንግሊዝኛ አፍ ስለሆነ ከምንጩ መውሰድ ይሻላል። በዜና ግን «ካውታው አደረገ» አታድርጉብን። «አላጎበድድም» ለኩባንያ መግለጫ የሻከረ ከመሰለህና ዜናው ላይም ከመንግሥት የመጣ ጫና ከተጠቀሰ «አልንበረከክም አለ» ማለት ትችላለህ፤ ጫናው ካልተጠቀሰ ግን ዜናው ያላለውን ጨምረህበታል።