ሕክምና እየተማሩ ጋዜጠኝነት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሐኪም ነኝ፤ ከተማሪነቴ ጀምሮ ስለ ጤና እዘግባለሁ። ሁለቱን ሙያ ማጣመር የምትፈልጉ የሕክምና ተማሪዎች ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የተደጋገሙትን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ትምህርቱ ራሱ ፋታ አይሰጥም። በእርግጥ ይቻላል?

ይቻላል። ሩሲያዊው ደራሲ ቼኾቭ እ.ኤ.አ. ከ1879 እስከ 1884 ሞስኮ ውስጥ ሕክምና ሲማር ቤተሰቡን ይደግፍ የነበረው ለመጽሔቶች አጫጭር ጽሑፍ እየጻፈ ነው። አሜሪካዊው ሐኪምና ጸሐፊ አቱል ጋዋንዴም መጻፍ የጀመረው የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት (ስፔሻላይዝ የሚያደርግ ሐኪም) ሳለ ነው። ዋርድ (ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ለልምምድ ስትገባ ግን የጋዜጠኝነቱን ሥራ ቀንስ። ተረኛ ሆነህ ባደርክ ማግስት ደግሞ ጽሑፍ አታስረክብ፤ ቁጥር የሚሳሳተው ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ ዋርድ ያየሁትን ታካሚ ታሪክ ስሙን ቀይሬ ብጽፍስ? ፈቃድ ብጠይቀውስ?

ስም መቀየር አይበቃም። ዕድሜው፣ ሥራው፣ የተኛበት ወር ተደማምረው ማንነቱን ይናገራሉ። ሕመሙ ብርቅ ከሆነ ሕመሙ ብቻውን ይበቃል። ጎረቤቱ ባያውቀው እንኳ እሱ ራሱን ያውቃል።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ ጋውን ለብሰህ አልጋው አጠገብ ቆመህ «ታሪክህን ልጻፈው?» ስትለው «እሺ» የሚልህ እምቢ ካልኩ ሕክምናዬ ይጓደላል ብሎ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምታክመውን ሰው የዜና ምንጭ አታድርግ። ስለ ስኳር ሕመም ልትጽፍ ካሰብክ በሕመምተኞች ማኅበር በኩል የማታክማቸውን ሰዎች ፈልግ፤ ስትተዋወቅም ጋዜጠኛ መሆንህን አስቀድመህ ተናገር። የዋርዱ ታሪክ የግድ ከሆነብህ፣ ሰውየው ድኖ ከወጣ በኋላ ረቂቁን አንብቦ፣ ማንበብ ካልቻለም ተነቦለት፣ በፊርማው ይፍቀድ። ሐሳቡን የሚቀይርበት ጊዜም ስጠው። ሆስፒታሉም ማወቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ሕክምና ማወቃችን ከሌላው ጋዜጠኛ ያስበልጠናል?

ጥናት በማንበብ፣ አዎ። እ.ኤ.አ. በ1995 ብሪታንያ ውስጥ አዳዲሶቹ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋት አደጋን «በእጥፍ ይጨምራሉ» ተባለ። እጥፉ ከ7,000 ሴቶች ከአንዷ ወደ ሁለት ማለት ነበር። ብዙዎች ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ፤ በቀጣዩ ዓመት የፅንስ ማቋረጥ በሺዎች ጨመረ። «እጥፍ» ስትሰሚ «ከስንት ወደ ስንት?» ብለሽ ጠይቂ፤ መልሱን ሳታገኚ አትጻፊ።

በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቶ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን የእንግሊዛዊውን ሐኪም የዌክፊልድን ጽሑፍ ጉድ ያወጣው ሐኪም ያልሆነው ጋዜጠኛ ብራያን ዲር ነው። መጽሔቱ ጽሑፉን የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2010 ነበር። እኛ የሙያ አጋራችንን መጠርጠር ይከብደናል፤ እሱ ግን ሰነድ ከሰነድ እያመሳከረ ወላጆችን ጠየቀ። ይህን በሕክምና ትምህርት ቤት አያስተምሩንም፤ ከአንድ ጠንካራ አርታኢ ሥር ተቀምጠሽ ተማሪው።

ጥያቄ፦ የምማርበት ሆስፒታል ውስጥ ጥፋት ባይ ልዘግበው?

አንተ አትዘግበው። ውጤት የሚሰጡህ እነሱ ናቸውና ብታጠቃቸውም ብትከላከላቸውም የሚያምንህ አይኖርም። በታካሚ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ ግን ዝም አትበል፤ በዚያው ዕለት ለኃላፊው አሳውቅ።

ጥያቄ፦ አንባቢዎች «ምን መድኃኒት ልውሰድ?» ይሉኛል።

አትዘዢ። ሰውየውን አልመረመርሽውም፣ ፈቃድም ገና የለሽም። ከስምሽ ሥር «የሕክምና ተማሪ» ብለሽ ጻፊ፤ «ዶክተር» ለመባል ጊዜው ይደርሳል። ደረቴን ወጋኝ ወይም ትንፋሽ አጠረኝ ያለሽን ሰው ግን ሌላ ነገር ሳትጠይቂ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል እንዲሄድ ንገሪው።