ዜሮ ስህተት? በስንት ቢት?

ሰሞኑን አንድ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ «ሊንኩ (ዳታ የሚተላለፍበት መስመር) አምስት ደቂቃ ሙሉ ያለ አንድ ስህተት ሰርቷል፤ ከዚህ በኋላ ስታቲስቲክስ ምን ያደርግልኛል?» ሲል ጻፈልኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰው።

መልሱን ላስቀድም። በሴኮንድ 10 ጊጋቢት በሚልክ ሊንክ አምስት ደቂቃ ማለት 3 ትሪሊዮን ቢት ነው። ይህም «ከአንድ ትሪሊዮን ቢት በአማካይ ከአንድ በላይ አይበላሽም» ለማለት 95 በመቶ እርግጠኛ ያደርግሃል። ሺህ እጥፍ የተሻለ ነው ለማለት ግን ሦስት ቀን ተኩል ገደማ ያለ ስህተት መሮጥ አለበት። ይህ ስሌት ራሱ ስህተቶቹ አንዱ ሌላውን አይጠራም ከሚል ግምት ይነሳል። ቁጭቴም እዚሁ ላይ ነው።

ሳን ሆዜ ውስጥ የኔትወርክ መሣሪያ በሚሠራ ድርጅት ሳለሁ፣ በፓም-ፎር (በአራት የሲግናል ደረጃ ሁለት ሁለት ቢት በሚልክ ዘዴ) የሚሠራ አዲስ ቦርድ ላብራቶሪ ገባ። ስህተት አራሚው ኮድ ከማረሙ በፊት የሚለካው የስህተት መጠን ከተፈቀደው በታች ነው። ሆኖም አልፎ አልፎ ፍሬም (የዳታ ጥቅል) ይጠፋል። አለቆቻችን «ቁጥሩ አልፏል» አሉ። አንድ ቬትናማዊ አዛውንት ቴክኒሻን ግን አልዋጥ አላቸው። በእያንዳንዱ ስህተትና በሚቀጥለው መካከል ስንት ቢት እንዳለ እየቆጠሩ፣ በባለካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ ነጥብ በነጥብ አስቀመጡት። በዕድል ብቻ የመጣ ስህተት ቢሆን ነጥቦቹ ይበተኑ ነበር፤ የእሳቸው ግን ርቀቱ አጭር በሆነበት ጥግ ላይ ተከማችተዋል። ዲኤፍኢ የሚባለው ኢኳላይዘር (የተዛባ ሲግናል አስተካካይ) ቀድሞ በወሰነው ተመርኩዞ የሚመጣውን ስለሚያስተካክል፣ አንዱን ከሳተ ተከታዩንም ሊያስት ይችላል። ስህተት አራሚው ኮድ በአንድ ብሎክ ካሉት 544 ምልክቶች (የቢት ቡድኖች) እስከ 15 የተበላሹትን ያርማል፤ አማካዩ ምንም ያህል ቢያንስ፣ 16ቱ በአንድ ብሎክ ከወደቁ ብሎኩ ጠፋ።

ወረቀቱን ያየ አለቃ የለም። ቦርዱ ለደንበኛ ሄደ፣ ቅሬታም ይዞ ተመለሰ። በመጨረሻ ፕሪኮዲንግ (ዳታው ከመላኩ በፊት የሚደረግ ቅየራ) ሲበራ፣ ተከታታዩ ስህተት ወደ መነሻና መድረሻው ብቻ ሰበሰብ አለና ችግሩ ቀለለ። ያን ጊዜ ግን አዛውንቱ ጡረታ ወጥተዋል። «ልክ ነበሩ» ልላቸው ደወልኩ፤ ስልካቸው አይሠራም።

እኛ አምስት ኪሎ ፕሮባቢሊቲን ለፈተና ያህል ነበር የተማርነው፣ ከሽቦና ከመዳብ ጋር ያገናኘልን አልነበረም። የዛሬ ልጆች ደግሞ ሲሙሌተር ማስነሳት ትችሉበታላችሁ፤ የዓይን ዲያግራሙ (የሲግናሉን ጥራት የሚያሳየው ምስል) ቀለም ካማረ ግን ሳትመረምሩ ትቀበሉታላችሁ። ይህ ያሳስበኛል። ላብ ግቡ፣ በእጃችሁ ለኩ።

ልኬት ብቻውን ይበቃል ማለቴ ግን አይደለም። ከኳድሪሊዮን አንዴ የሚመጣን ስህተት ለእያንዳንዱ ንድፍ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ የለም። የቻናሉን የፐልስ ምላሽ (አንድ ፐልስ በመስመሩ አልፎ ሲወጣ የሚይዘውን ቅርጽ) ወስዶ፣ ከፊትና ከኋላ ያሉት ቢቶች የሚያሳርፉበትን ጫና በኮንቮሉሽን (ስርጭቶችን በሚያጣምር የሂሳብ ዘዴ) ወደ ዕድል ስርጭት የሚቀይረው ስሌት ነው ጫፉን፣ ማለትም ብርቅዬውን ስህተት፣ የሚያሳየው። እንዲያውም ከላብ በፊት ይህን ብትጀምሩ እመርጣለሁ።

ለጻፍክልኝ ልጄ፦ ፈተናውን ቅዳሜና እሑድን ጨምረህ አስኪደው። ስህተት ከመጣ ብዛቱን ብቻ አትጻፍ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት መዝግብና ከፐልስ ምላሹ ጋር ላክልኝ።